ኮሮላ ላይ የተገጠመ አምፕሊፋየር፦ ፉጨት፣ የሚደበዝዝ የፊት መብራት እና የጌይን አስተካከል

ሰሚት_ኮሮላ፦

ጤና ይስጥልኝ። መኪናዬ እ.ኤ.አ. የ2009 ሥሪት ቶዮታ ኮሮላ ስትሆን፣ በቅርቡ አንድ የመኪና ዕቃ መደብር ውስጥ ባለ አራት ቻናል አምፕሊፋየር፣ ለፊት በሮች አንድ ጥንድ ባለ 6.5 ኢንች ስፒከር እና ቀዳዳ ባለው ሳጥን የተሠራ ባለ 12 ኢንች ሳብዉፈር አስገጥሜባታለሁ። ቴፑ ክሩስኮቱ ላይ የገባ ባለ ስክሪን አንድሮይድ ነው፤ ከጀርባው የአርሲኤ (ድምፁን ወደ አምፕሊፋየር የሚወስደው ገመድ የሚሰካባቸው) መውጫዎች አሉት። የአምፕሊፋየሩ ካርቶን በትልልቅ ፊደል «2000 ዋት» ይላል፤ መመሪያው ውስጥ ግን በ4 ኦም ለእያንዳንዱ ቻናል 75 ዋት አርኤምኤስ (ያለማቋረጥ የሚሰጠው ኃይል)፣ ሁለት ቻናል ሲጣመር ደግሞ 200 ዋት ተብሎ ተጽፏል። ጎኑ ላይ ሁለት ባለ 25 አምፒር ፊውዞች አሉ። የፊት ስፒከሮቹ 60 ዋት አርኤምኤስ፣ ሳብዉፈሩ 250 ዋት አርኤምኤስ ሲሆኑ ሁሉም 4 ኦም ናቸው። ሳብዉፈሩ የተያያዘው በተጣመሩት በ3ኛውና በ4ኛው ቻናል ላይ ነው።

ችግሩ የጀመረው መኪናዋን ከተረከብኩ ጀምሮ ነው። ሞተሩ ሲነሳ ከፊት ስፒከሮቹ ቀጭን ፉጨት ይሰማል፤ ቤንዚን ስሰጥ ፉጨቱ አብሮ ይቀጥናል፣ እግሬን ሳነሳ አብሮ ይወርዳል። ማታ ማታ ቤዙ በመታ ቁጥር የፊት መብራቱ ደብዘዝ ይላል። ድምፁን ከፍ አድርጌ ጥቂት እንደነዳሁ ደግሞ ከኋላ የተቃጠለ ነገር ይሸተኛል። ወደ ገጣሚዎቹ ተመልሼ ብሄድ አምፕሊፋየሩ ላይ ያሉትን ማስተካከያዎች፣ ጌይኑንና ቤዝ ቡስቱን (ቤዙን የሚያጎላውን)፣ ይበልጥ አዙረው «ለመብራቱ ካፓሲተር (ኤሌክትሪክ አጠራቅሞ የሚለቅ ዕቃ) ግዛ» ብለው ሸኙኝ። ኮፈኑን ከፍቼ ስመለከት ከባትሪው ፖዘቲቭ ላይ ተነስቶ ወደ ውስጥ የሚገባ ቀይ ሽቦ አየሁ፤ በመንገዱ ላይ ምንም ፊውዝ የለውም። ይኸው ሽቦ በምንጣፉ ሥር ከአርሲኤው ገመድ ጋር በናስትሮ ተጠቅልሎ ነው ወደ ኋላ የሄደው። ከየት ልጀምር? ካፓሲተሩንስ ልግዛ?

ኤሌትሪሺያን_ጎፋ፦

ወንድሜ፣ ሌላውን ሁሉ ያቆዩትና ዛሬውኑ ያንን ቀይ ሽቦ ከባትሪው ላይ ይፍቱት። ጫፉንም በናስትሮ ሸፍነው ብረት እንዳይነካ ያስቀምጡት። አምፕሊፋየሩ ላይ ያሉት ፊውዞች የሚጠብቁት አምፕሊፋየሩን ነው፤ ከባትሪው እስከ አምፕሊፋየሩ ያለውን አምስት ሜትር የሚጠጋ ሽቦ የሚጠብቅ ግን በእርስዎ መኪና ላይ ምንም የለም። ሽቦው ሞተሩን ከጋቢናው በሚለየው ብረት በኩል ሲያልፍ በንቅናቄ ብዛት ልብሱ ቢላጥና ብረቱን ቢነካ፣ ባትሪው በመቶዎች የሚቆጠር አምፒር ያለ አንዳች ከልካይ ይለቃል። ሽቦው በሰከንዶች ውስጥ ይቀላል፤ ምንጣፉም ከዚያ በኋላ ለመያያዝ ብዙ አይፈጅበትም። ዋናው ፊውዝ ከባትሪው ከ45 ሴንቲ ሜትር ባልራቀ ቦታ መቀመጥ አለበት፤ ሽቦው በብረት ውስጥ የሚያልፍበት ቀዳዳም ጎሚኒ ሊኖረው ይገባል። ለእርስዎ ዕቃ ባለ 60 አምፒር ፊውዝ ይበቃል።

ስለ «2000 ዋቱ» አይጨነቁ፤ የለም። ማንም ሰው ሱቅ ውስጥ ቆሞ ሊያሰላው የሚችል ሒሳብ አለ። ሁለቱ ፊውዞች ተደምረው 50 አምፒር ናቸው፤ በ14.4 ቮልት ሲባዛ የሚገባው ኃይል 720 ዋት ነው። የእርስዎ አምፕሊፋየር የኤቢ ክፍል የሚባለው የአሠራር ዓይነት ከሆነ ከሚገባው ውስጥ ወደ ስፒከር የሚደርሰው 60 በመቶ ገደማ ነው፤ የቀረው ሙቀት ሆኖ ይወጣል። ስለዚህ ከ430 ዋት በላይ ሊሰጥ አይችልም፤ መመሪያው የጻፈው ቁጥርም ከዚህ ጋር ይስማማል። የዲ ክፍል አምፕሊፋየር ከሆነ 80 በመቶና ከዚያ በላይ ሊያደርስ ይችላል። እ.ኤ.አ. በ2003 የወጣው ሲኢኤ-2006 የተባለው የአሜሪካ መለኪያ ይህን የካርቶን ቁጥር ሥርዓት ለማስያዝ የተዘጋጀ ሲሆን፣ ኃይል በ14.4 ቮልትና በ4 ኦም፣ መዛባቱ ከ1 በመቶ ሳይበልጥ እንዲለካ ያዛል። ዕቃ ስትገዙ ይህ ምልክት ካለበት ቁጥሩን ማመን ትችላላችሁ፤ ከሌለበት ግን ወደ ፊውዙ ተመልከቱ።

ካፓሲተሩን አይግዙ። ባለ 1 ፋራድ ካፓሲተር ቮልቱ ከ14 ወደ 13 ሲወርድ የሚለቀው ጉልበት 13.5 ጁል ብቻ ነው። አምፕሊፋየርዎ 500 ዋት እየሳበ ከሆነ ይህ ጉልበት ከሰከንድ አንድ ሠላሳኛ ያነሰ ጊዜ ነው የሚያቆየው። ከዚያም ዲናሞው ካፓሲተሩንም ጭምር መልሶ መሙላት ይኖርበታል። ገንዘቡን ለሽቦ ያውሉት።

ነገር ግን ሽቦ ከመቀየርዎ በፊት ይለኩ። ጊዜያዊ ፊውዝ አስገብተው፣ ሞተሩ እየሠራና ቤዝ ያለው ሙዚቃ ከፍ ብሎ እየተጫወተ በቴስተር አራት ቦታ ይለኩልኝ፦ በባትሪው ሁለት ጫፎች መካከል፣ በአምፕሊፋየሩ ፖዘቲቭና ኔጋቲቭ መካከል፣ ከባትሪው ፖዘቲቭ እስከ አምፕሊፋየሩ ፖዘቲቭ፣ እንዲሁም ከአምፕሊፋየሩ ኔጋቲቭ እስከ ባትሪው ኔጋቲቭ። ለሁለቱ የመጨረሻ ልኬቶች ረዘም ያለ ቀጭን ሽቦ ያስፈልግዎታል።

ሰሚት_ኮሮላ፦

ስለ ፈጣን መልስዎ ከልብ አመሰግናለሁ። ሽቦውን በዚያው ቀን ፈትቼ፣ ፊውዝ ካስገባሁ በኋላ ለካሁ። ሙዚቃ ሳይጫወት ባትሪው ላይ 14.1፣ አምፕሊፋየሩ ላይ 14.0 ቮልት ነው። ቤዙ ሲመታ ባትሪው ላይ ወደ 13.6፣ አምፕሊፋየሩ ላይ ግን ወደ 11.9 ይወርዳል። በፖዘቲቩ መስመር 1.1 ቮልት፣ በኔጋቲቩ መስመር 0.6 ቮልት ይጠፋል። ቀይ ሽቦውን ጫፉ ላይ በስለት ፋቅ ሳደርገው ላዩ መዳብ የሚመስለው ክር ከሥሩ ነጭ ሆኖ ወጣ። የኔጋቲቩ ሽቦ የታሰረው ደግሞ የኋላ ወንበሩን በሚይዘው ብሎን ላይ ነው፤ ብሎኑን ስፈታው ከቀለበቱ ሥር ያለው ቀለም ሙሉ በሙሉ እንዳለ ነው፣ ጥርሱ ላይ ብቻ ትንሽ ተፍቋል።

ኤሌትሪሺያን_ጎፋ፦

እንግዲህ ቁጥሮቹ ሁሉንም ተናግረዋል። ነጩ ነገር አሉሚኒየም ነው፤ መዳብ የተለበጠ አሉሚኒየም ሽቦ ኤሌክትሪክ የማስተላለፍ አቅሙ ከንጹሕ መዳብ ሁለት ሦስተኛ አይሞላም፣ ልብሱም ወፍራም ስለሚሆን ከላይ ሲታይ ውፍረቱ ያታልላል። (በተቃራኒው ላዩ ነጭ ሆኖ ሲፋቅ ውስጡ ቀይ የሚሆን ሽቦ ካገኛችሁ በቆርቆሮ የተለበጠ መዳብ ነውና አትጣሉት፤ እርጥበትን የሚቋቋም ጥሩ ሽቦ ነው።) ባለ 4 ጌጅ ንጹሕ መዳብ፣ ማለትም 21 ካሬ ሚሊ ሜትር የሆነውን ይጠቀሙ። በአምስት ሜትር ርቀት 42 አምፒር ሲያልፍበት የሚጠፋው ቮልት 0.2 አይሞላም፤ የእርስዎ አሁን 1.1 ነው።

ኔጋቲቩም ከፖዘቲቩ እኩል ውፍረት ይኑረው። ከ50 ሴንቲ ሜትር ባያልፍ ይመረጣል። ቦታው የመኪናው አካል የሆነ ወፍራም ብረት ይሁን፤ ቀለሙን ብረቱ እስኪያበራ ድረስ ይፋቁት፣ ቀለበቱን አጥብቀው ካሰሩ በኋላ ላዩን ቅባት ወይም ቀለም ቀብተው ዝገትን ይከላከሉ። የደኅንነት ቀበቶ የሚይዘውን ብሎን ፈጽሞ አይንኩ፤ በግጭት ጊዜ ሕይወት የሚያድነው እርሱ ነው። አዲስ ቀዳዳ የሚበሱ ከሆነ ደግሞ በቅድሚያ ከመኪናው ሥር ገብተው ይመልከቱ። የኮሮላ የነዳጅ ታንክ ከኋላ ወንበሩ ሥር ነው።

ባትሪው ራሱ ላይ ከ14.1 ወደ 13.6 መውረዱ ለመብራቱ መደብዘዝ በቂ ምክንያት ነው፤ የሃሎጅን አምፖል ብርሃን ከቮልቱ ይልቅ በብዙ እጥፍ ፈጥኖ ይወርዳልና ግማሽ ቮልት ለዓይን ይታያል። የባትሪውን ጫፎች አጽድተው ያጥብቁ፤ ከሞተሩ ወደ አካሉ፣ ከባትሪው ኔጋቲቭ ወደ አካሉ፣ እንዲሁም ከዲናሞው ወደ ባትሪው ፖዘቲቭ በቀድሞዎቹ ላይ ወፍራም ሽቦ ይጨምሩ። ከዲናሞው የሚመጣውም ሽቦ ፊውዝ ያስፈልገዋል። ከዚህ በኋላ የሚቀር ጥቂት መደብዘዝ ካለ፣ መኪናዋ ቆማ ሞተሩ ዝግ ብሎ ሲሠራ ዲናሞው ሙሉ አቅሙን ስለማይሰጥ ነው፤ ያ ጉዳት የለውም።

ድምፀ_መረዋ፦

ወደ ተቃጠለው ሽታ ልግባ፤ ይህ ጉዳይ በየሱቁ የሚበላሸው ሁልጊዜ በአንድ ምክንያት ነው። ጌይን የድምፅ መጨመሪያ አይደለም። የጌይን ሥራ ከቴፑ የሚመጣውን ትንሽ ቮልት ከአምፕሊፋየሩ ሙሉ ጉልበት ጋር ማመጣጠን ብቻ ነው። አንዱ ቴፕ በአርሲኤ 2 ቮልት ይሰጣል፣ ሌላው 4 ይሰጣል፤ ጌይኑ ይህን ልዩነት ያስተካክላል እንጂ አምፕሊፋየሩ የሌለውን ዋት አይወልድለትም። ያለ መጠኑ ሲከፈት የሚሆነው ነገር አምፕሊፋየሩ ሙሉ ጉልበቱ ላይ ቀድሞ መድረሱ ነው። ከዚያ በላይ ሲጠየቅ የሞገዱ ራስ ይቆረጣል፣ ክሊፒንግ የምንለው ይህ ነው። የተቆረጠ ሞገድ ከተስተካከለ ሞገድ ይልቅ የሚያስተላልፈው አማካይ ኃይል ይበዛል፤ ፈጽሞ አራት ማዕዘን ከሆነ እስከ እጥፍ ይደርሳል። እናም የእርስዎ 200 ዋት ወደ 400 ተጠግቶ 250 ዋት የሚችለውን ኮይል (በሳብዉፈሩ ውስጥ ያለውን የሽቦ ጥቅል) ያበስለዋል። የሸተተዎት የኮይሉ ሙጫ ነው።

ቤዝ ቡስቱ ይባስ ብሎ ያባብሰዋል። 3 ዲሲቤል በጨመሩ ቁጥር የሚጠየቀው ኃይል እጥፍ ይሆናል፤ ገጣሚዎቹ እስከ 12 ዲሲቤል አዙረውት ከሆነ በዚያ ድምፅ ላይ አምፕሊፋየሩን 16 እጥፍ ዋት እየጠየቁት ነው። ዜሮ ያድርጉትና ይርሱት።

አስተካከሉ እንዲህ ነው። ስፒከሮቹን ሁሉ ከአምፕሊፋየሩ ላይ ይፍቱ። በቴፑ ላይ ቤዝ፣ ትሬብልና ኢኳላይዘሩን ዜሮ ያድርጉ፣ ላውድነስን ያጥፉ። የቴፑ ድምፅ እስከ 40 የሚሄድ ከሆነ 32 ላይ ያቁሙት፤ አብዛኞቹ የአንድሮይድ ቴፖች ከዚያ በላይ ራሳቸው ድምፁን ያበላሻሉ፣ ከምንጩ የተበላሸውን ደግሞ ምንም አምፕሊፋየር አያቀናውም። የሚፈለገው ቮልት የዋቱና የኦሙ ብዜት ካሬ ሥር ነው። ለሳብዉፈሩ 200 በ4 ሲባዛ 800፣ ካሬ ሥሩ 28.3 ቮልት ነው። ለፊት ስፒከሮቹ ከአምፕሊፋየሩና ከስፒከሩ አነስተኛውን እንወስዳለን፤ 60 በ4 ሲባዛ 240፣ ካሬ ሥሩ 15.5 ቮልት ይሆናል። አሁን ባለ 50 ሄርዝ የመፈተሻ ድምፅ በፍላሽ አስገብተው ያጫውቱ፣ ቴስተሩን በኤሲ ቮልት ላይ አድርገው የሳብዉፈሩ መውጫ ላይ ይያዙት፣ ጌይኑን ከዜሮ ጀምረው በዝግታ 28.3 እስኪደርስ ይክፈቱት። ከዚያ አይለፉ። ሞተሩ እየሠራ መሆኑን አይርሱ።

ፊልተሮቹን ከዚያ በኋላ ያስገባሉ። የፊት ቻናሎቹን ሃይ ፓስ (ከተባለው ሄርዝ በላይ ያለውን ብቻ የሚያሳልፍ) ላይ አድርገው 80 ሄርዝ፣ ሳብዉፈሩን ሎው ፓስ (ከዚያ በታች ያለውን ብቻ የሚያሳልፍ) ላይ አድርገው 80 ሄርዝ። የበር ስፒከር ከዚህ በታች ያለውን ቤዝ እንዲሸከም ማድረግ ወረቀቱን ያለ ጥቅም ማድከም ነው። ሳጥንዎ ቀዳዳ ያለው ስለሆነ፣ አምፕሊፋየሩ ሳብሶኒክ ፊልተር (እጅግ ዝቅተኛውን ድምፅ የሚያስቀር) ካለው 30 ሄርዝ አካባቢ ያድርጉት፤ ሳጥኑ ከተቃኘበት በታች ያለ ድምፅ ሲመጣ ውስጡ ያለው አየር ወረቀቱን መያዝ ያቆማል፣ ወረቀቱም ከልኩ አልፎ ይወራጫል።

ቤዝ_ወዳድ፦

ይህ ሁሉ ሒሳብ ትክክል ሊሆን ይችላል፤ ነገር ግን እኔ የማውቃቸው ጥሩ ገጣሚዎች ሁሉ በጆሯቸው ነው የሚያስተካክሉት። ሙዚቃ የሚደመጥ ነገር ነውና መጨረሻው ጆሮ መሆን የለበትም? ድምፁ እስኪሻክር ከፍቶ ጥቂት መመለስ ምን ጎደለው? ደግሞም ተራ ቴስተር ክሊፒንግን አያሳይም።

ድምፀ_መረዋ፦

የመጨረሻው ነጥብዎ እውነት ነው፤ ቴስተር ቮልት እንጂ የሞገድ ቅርጽ አያሳይም። አምፕሊፋየሩ የተባለውን ዋት በእርግጥ የማይሰጥ ከሆነ 28.3 ከመድረሱ በፊት መቁረጥ ሊጀምር ይችላል፤ ይህን የሚያሳየው ኦሲሎስኮፕ ነው፣ ዛሬ ደግሞ ስልክ የሚያህሉ ርካሽ የሆኑ ኦሲሎስኮፖች አሉ። የሚችል ሰው እርሱን ይጠቀም። ተራ ቴስተር ሌላም ጉድለት አለው፤ ብዙዎቹ ኤሲን በትክክል የሚለኩት እስከ 400 ሄርዝ ድረስ ነው። ለዚህ ነው ለፊት ስፒከሮች ብዙ ሰው የሚመክረውን የ1000 ሄርዝ ድምፅ ትቼ ባለ 400 ሄርዝ እንዲጠቀሙ የምመክረው። አለበለዚያ ቴስተሩ አሳንሶ ያነብና ጌይኑን ከልክ በላይ ያስከፍታችኋል።

በጆሮው ሐሳብ ላይ ግን አልስማማም። ጆሮ በመካከለኛውና በቀጭኑ ድምፅ ላይ መሻከርን ቶሎ ይለያል፤ በ40 እና በ50 ሄርዝ ላይ ግን ብዙ መዛባት ሳይታወቀው ያልፈዋል፣ እንዲያውም የተቆረጠው ቤዝ ለብዙ ሰው «ጠንካራ» መስሎ ይሰማዋል። ሳብዉፈር የሚቃጠለው ለዚህ ነው። ጆሮ የሚዳኝበት ቦታ ከዚህ በኋላ ይመጣል፤ የሳብዉፈሩን ጌይን ከተለካው ጣሪያ ወደ ታች እያወረዱ ከበሩ ስፒከሮች ጋር ሲዋሐድ ማቆም የጆሮ ሥራ ነው። ወደ ታች እንጂ ወደ ላይ አይደለም።

አንድ ነገር ልጨምር። ከካሴት የተገለበጡ የቆዩ የአማርኛ ዘፈኖችን በብዛት የሚሰማ ሰው፣ ቅጂዎቹ ዝቅ ባለ መጠን ስለተቀዱ በዜሮ ዲሲቤል (በሙሉ መጠን በተቀዳ) የመፈተሻ ድምፅ የተስተካከለ ጌይን ሊያንስበት ይችላል። እንዲህ ላለው ሰው በ5 ዲሲቤል ዝቅ ብሎ በተቀዳ የመፈተሻ ድምፅ ማስተካከል ተገቢ ነው፤ ዛሬ የሚወጡትን ጮኾ የተቀዱ ዘፈኖች ሲያስገባ ግን ድምፁን መቀነስ ይኖርበታል።

ኤሌትሪሺያን_ጎፋ፦

የቀረው የፉጨቱ ጉዳይ ነው። ከሞተሩ ፍጥነት ጋር የሚወጣና የሚወርድ ፉጨት የዲናሞው ድምፅ ነው፤ የሚገባበትን በር ማግኘት ነው የሚያስፈልገው። መጀመሪያ የአርሲኤውን ገመድ ከቀዩ ሽቦ ይለዩት፤ ቀዩ በሾፌሩ በኩል ከሄደ አርሲኤው በሌላኛው በኩል ይሂድ፣ መሻገር ግዴታ ከሆነ ተሻግረው እንጂ ጎን ለጎን አይሂዱ። ከዚያ ፉጨቱ ካልጠፋ አርሲኤውን አምፕሊፋየሩ ላይ ይንቀሉ። ተነቅሎም የሚያፏጭ ከሆነ ችግሩ በአምፕሊፋየሩ የኃይል ወይም የኔጋቲቭ መስመር ላይ ነው። ዝም ካለ ደግሞ የሚመጣው ከገመዱ ወይም ከቴፑ ነው። ያኔ ስልክዎን በአጭር ገመድ ቀጥታ ከአምፕሊፋየሩ ጋር አያይዘው ሙዚቃ ያጫውቱ፤ ስልኩ ቻርጅ ላይ መሆን የለበትም። ንጹሕ ከሆነ ቴፑን ይመርምሩ።

በሱቅ የሚሸጡትን የፉጨት ማጣሪያዎች ለመጨረሻ ያቆዩአቸው። ምልክቱን ይሸፍናሉ፣ አንዳንዶቹ ቤዙንም ይቀንሱብዎታል።

ሻርጃ_ነዋሪ፦

ከዚህ ከሻርጃ አንድ ነገር ልበል፤ የሙቀቱ ጉዳይ ሳይነሳ እንዳያልፍ። እዚህ በበጋ የቆመ መኪና ውስጥ ያለው ሙቀት አምፕሊፋየሩ ገና ሳይሠራ ያደክመዋል፤ በመንገድ ላይ ድምፁ ድንገት ጠፍቶ ከጥቂት ደቂቃ በኋላ የሚመለስ ከሆነ ራሱን ከሙቀት እየጠበቀ ነው ማለት ነው። ለዚህ ነው እኔ የኤቢውን ትቼ የዲ ክፍል የገዛሁት። አዲስ አበባ ያላችሁ ቀዝቃዛ ነው ብላችሁ አትዘናጉ፤ ከተማዋ ከባሕር ጠለል በላይ 2,400 ሜትር ገደማ ከፍ ያለች በመሆኗ አየሩ ከባሕር ዳርቻው ይልቅ ከአንድ አምስተኛ በላይ የሳሳ ነው፤ የሳሳ አየር ደግሞ ከብረቱ ላይ ሙቀት የመውሰድ አቅሙ ያንሳል። አምፕሊፋየሩ በምንጣፍ ተሸፍኖ ከሆነ ይግለጡት፤ ከላይና ከጎን ጥቂት ጣት የሚያህል ክፍት ቦታ ይኑረው። በሳብዉፈሩ ሳጥን ላይም አይታሰር፤ ንቅናቄው ከጊዜ ብዛት ውስጡ ያሉትን ክፍሎች ከመጣበቂያቸው ያላቅቃል።

ኤሌክትሪክ_መኪና_ቦሌ፦

ውይይቱን በጥሞና እየተከታተልኩ ነው። ከጥር 2016 ዓ.ም. ወዲህ በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ በመከልከሉ ብዙዎቻችን የኤሌክትሪክ መኪና ገዝተናል፤ የእኔ ቢዋይዲ ነው። ዲናሞ በሌለው መኪና ላይ ይህ ሁሉ እንዴት ይሠራል?

ኤሌትሪሺያን_ጎፋ፦

ጥሩ ጥያቄ ነው፤ ለብዙ ሰው ይጠቅማል። የእርስዎም መኪና 12 ቮልት ባትሪ አለው፤ የሚሞላው ግን ከትልቁ ባትሪ ኃይል ወስዶ ዝቅ በሚያደርገው ኮንቨርተር ነው። አምፕሊፋየር የሚያያዘው በ12 ቮልቱ ላይ ብቻ ነው። ብርቱካናማ ልብስ ያለው ሽቦ ሁሉ በመቶዎች የሚቆጠር ቮልት የሚሄድበት ነውና አጠገቡ ቀዳዳ አይበሱ፣ ሽቦም አብረው አያሳልፉ፤ በወለሉ ሥር ትልቁ ባትሪ ስላለ ወለሉ ላይ ብሎን ማስገባትም የተከለከለ ነው። ኮንቨርተሩ 12 ቮልቱን የሚሞላው በአብዛኛው መኪናው ለመሄድ ዝግጁ በሆነበት ጊዜ መሆኑን ልብ ይበሉ፤ ዝግጁ ሳይሆን ቆሞ ሙዚቃ መስማት ትንሹን ባትሪ ሊጨርስ ይችላል። በቢዋይዲ ብዙ ሞዴሎች ላይ ይህ ትንሽ ባትሪ ራሱ ሊቲየም በመሆኑ ቮልቱ እስከ መጨረሻው ከፍ ብሎ ይቆይና በድንገት ይወድቃል፤ በእርሳስ ባትሪ የለመድነውን «12.6 ካሳየ ሙሉ ነው» የሚል ንባብ እዚያ አይጠቀሙበት። ፔዳሉን ሲረግጡ ፉጨት ከተሰማም በአብዛኛው የሚመጣው የባትሪውን ኃይል ለሞተሩ ከሚለውጠው ኢንቨርተር ነው፤ ፍለጋው ግን ከላይ የጻፍኩት ነው። ዋስትናዎ ካላለቀ ሽቦ ከመቁረጥዎ በፊት የሸጠልዎትን ድርጅት በጽሑፍ ይጠይቁ።

ሰሚት_ኮሮላ፦

የሁላችሁንም ምክር ተከትዬ ሠራሁ። ባለ 4 ጌጅ መዳብ ሽቦ በ60 አምፒር ፊውዝ ገባ፣ ኔጋቲቩ ብረቱ እስኪያበራ ተፍቆ ታሰረ፣ ከሞተሩ ወደ አካሉም ወፍራም ሽቦ ጨመርን። አሁን ቤዙ ሲመታ አምፕሊፋየሩ ላይ ያለው ከ13.5 አይወርድም፤ መብራቱም ሲደበዝዝ የሚታየው ቆሜ ሞተሩ ዝግ ሲል ብቻ ነው፣ ያውም በጭንቅ። የሳብዉፈሩን ጌይን 28.3 ላይ ሳስቆመው ቁልፉ ከግማሽ በታች ነበር፤ ገጣሚዎቹ እስከ መጨረሻ ነበር የከፈቱት። ሽታው ጠፍቷል።

ፉጨቱ አርሲኤውን በሌላ በኩል ሳሳልፈው ቀነሰ እንጂ አልጠፋም ነበር። አርሲኤውን ስነቅል ዝም አለ፣ በስልኬ ሳጫውት ንጹሕ ነበር። ቴፑን ከክሩስኮቱ ሳወጣው ኔጋቲቩ ከቀድሞው የመኪናው ሽቦ ጋር ተጠምዝዞ በናስትሮ ብቻ የታሰረ ሆኖ አገኘሁት፤ ፈትቼ ከክሩስኮቱ ኋላ ካለው ብረት ጋር በቀለበት ሳስረው ፉጨቱ ሙሉ በሙሉ ጠፋ።

አንድ ጥያቄ ቀርቶኛል። ሾፌሩ ወንበር ላይ ስቀመጥ የቤዝ ጊታሩ አንዳንድ ኖታዎች ይጠፋሉ፤ ወደ ኋላ ስሄድ ይሰማሉ። ጌይኑን ልንካው ወይ?

ድምፀ_መረዋ፦

ጌይኑን አይንኩ። የሳብዉፈሩና የበሮቹ ድምፅ በሚገናኙበት በ80 ሄርዝ አካባቢ አንዱ ወረቀት ሲወጣ ሌላው እየገባ እርስ በርስ እየተጠፋፉ ነው። መጀመሪያ የበሮቹን ስፒከሮች ከአምፕሊፋየሩ ፈትተው በተራ የ1.5 ቮልት ደረቅ ባትሪ ለቅጽበት ያስነኳቸው፤ የባትሪው ፖዘቲቭ የስፒከሩን ፖዘቲቭ ሲነካ ወረቀቱ ወደ ውጭ መውጣት አለበት። ሁለቱም ትክክል ከሆኑ ባለ 80 ሄርዝ ድምፅ እያጫወቱ በሾፌሩ ወንበር ላይ ተቀምጠው ሌላ ሰው የአምፕሊፋየሩን የፌዝ ማብሪያ (የሳብዉፈሩን ሞገድ የሚገለብጠውን) ከ0 ወደ 180 ያዛውርልዎ። ጎልቶ የተሰማዎት ትክክለኛው ነው። ማብሪያው ከሌለው የሳብዉፈሩን ሁለት ሽቦዎች ቦታ ማቀያየር ያንኑ ሥራ ይሠራል።

ሰሚት_ኮሮላ፦

የግራው በር ተገልብጦ የተያያዘ ነበር፤ ባትሪውን ሳስነካው ወረቀቱ ወደ ውስጥ ገባ። እርሱን ሳቀና ዘፋኙም ከግራና ከቀኝ ተበትኖ ይሰማ የነበረው ወደ ክሩስኮቱ መካከል መጣ። የፌዙን ማብሪያ ግን በሩን ከማስተካከሌ በፊት ነበር 180 ላይ ያደረግኩት። እንዳለ ልተወው?

ድምፀ_መረዋ፦

አይተዉት። ያ ምርጫ የተደረገው አንዱ በር ተገልብጦ ሳለ ስለሆነ ፈተናውን በዚያው ባለ 80 ሄርዝ ድምፅ ይድገሙት፤ ወንበሩን ሲነዱ በሚቀመጡበት ልክ ያድርጉት፣ መስኮቶቹንም ይዝጉ። ልዩነቱ ካልተለየዎት የሎው ፓሱን ከ80 ወደ 70 አውርደው እንደገና ይሞክሩ።